ቶረንት ሲከፈት ላፕቶፑ ለምን ይንቀራፈፋል?

ምልክቱ

ኮዬ ፈጬም ሆነ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ መጀመሪያ የሚወቀሰው ኔትወርኩ ነው። አንዳንዴ ግን የለበትም። ኡቡንቱ የተባለውን ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ወይም ያለ ኢንተርኔት የሚነበበውን የኪዊክስን ዊኪፔዲያ በቶረንት፣ ማለትም ፋይልን ከብዙ ሰው ኮምፒውተር በቁራጭ በቁራጭ በሚያመጣ ዘዴ፣ እያወረዳችሁ ነው እንበል። ማውረዱ ደህና ይሄዳል፤ ፎልደር ለመክፈት ግን ዘመን ይፈጃል። ጆሯችሁን ብታስጠጉ ሃርድ ዲስኩ ቋ ቋ ቋ ይላል።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ሲፒዩው (የኮምፒውተሩ አንጎል) ዘና ብሎ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ከተሰቀለ ጉዳዩ እሱ ጋ ነው።

ምክንያቱ

ቶረንት ፋይሉን ከላይ ወደ ታች አያወርድም። ከብዙ ሰው በ16 ኪሎባይት ቁራጭ፣ ያለቅደም ተከተል ይለቃቅማል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በተከታታይ ሲጽፍ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢሄድም፣ ወዲህ ወዲያ ሲያሯሩጡት በሰከንድ መቶ ቦታ ገደማ ቢደርስ ነው። መቶ በ16 ኪሎባይት ሲባዛ 1.6 ሜጋባይት ብቻ! ለሽንኩርቱ አንዴ፣ ለቲማቲሙ ሌላ ጊዜ ገበያ እንደ መመላለስ ነው። እናንተም ለሌሎች ስታጋሩ ንባቡ ይጨመርበታል።

መፍትሄው

ቁራጮቹ ራም (ጊዜያዊው ማህደረ ትውስታ) ላይ ይጠራቀሙና ዲስኩ ላይ ባንዴ ይጻፉ። ካሽ የሚባለው ይኸው ነው።

ኪውቢትቶረንት የተባለው የቶረንት ማውረጃ ፕሮግራም ላይ ቱልስ፣ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ አድቫንስድ ግቡና ዲስክ ካሽ የሚለውን ፈልጉ። ራማችሁ 4 ጊጋ ከሆነ ከ128 ሜጋባይት አትለፉ፤ 8 ጊጋ ከሆነ 256 ወይም 512 ይበቃል። ብዙ በሰጠሁት ቁጥር ይፈጥናል ብሎ 2 ጊጋ መስጠት አያዋጣም። ራሙ ሲጠብበት ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስኩ ይገለብጣል፤ ዞሮ ዞሮ እዚያው ናችሁ።

ምርጫውን ካጣችሁት ፕሮግራሙ በሊብቶረንት (የውስጥ ሞተሩ) 2.0 የተሠራ ይሆናል። እሱ ካሹን ለዊንዶውስ ትቶታል። የእናንተ ድርሻ የክሮም ታቦችን ዘጋግቶ ራሙን ማስለቀቅ ነው።

መብራት ሲጠፋስ?

ራም ላይ ያለና ያልተጻፈ ነገር ከመብራቱ ጋር እልም ይላል። ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ይተርፋል፤ ዴስክቶፕ ግን ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ከሌለው አለቀለት። ስለዚህ የካሹን የማብቂያ ጊዜ አታርዝሙት፤ በነባሩ 60 ሰከንድ ላይ ይቆይ። መብራት ሲመለስ ኪውቢትቶረንት ውስጥ ቶረንቱ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፎርስ ሪቼክ በሉ። እያንዳንዱን ቁራጭ ፈትሾ የተበላሸውን ብቻ ደግሞ ያወርዳል፤ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም።

የሚያስፈራው ሌላ ነው። ከጎረቤት ጎረቤት የምትዞረው ኤክስተርናል ዲስክ የዊንዶውስ ፖሊሲዋ «ቤተር ፐርፎርማንስ» (የሚጻፈውን መጀመሪያ ራም ላይ የሚያቆየው) ላይ ከተደረገ፣ ኢጀክት ሳትባል ስትነቀል ፋይል ብቻ ሳይሆን የፋይሎቹ ማውጫም ሊበላሽ ይችላል። ከዊንዶውስ 10 1809 ወዲህ ነባሩ ምርጫ «ኩዊክ ሪሙቫል» ነው። አትንኩት።

ካሹ ካልረዳስ?

ባንድ ጊዜ የሚወርዱትን ወደ ሁለት ወይም ሦስት ቀንሱ። አሁንም ካልሆነ ክሪስታልዲስክኢንፎን ጫኑና የዲስኩን ጤና እዩ። ቢጫ ካሳየ ካሽ አያድነውም፤ ቶረንቱን አቁማችሁ ፎቶና ዶክመንታችሁን ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ገልብጡ።