ባለሁለት ፕሮሰሰር ሰርቨር ላይ ራም ሲሰካ፦ ከጊጋው በፊት ቻናሉን ቁጠሩ

ባሕር ዳርም ይሁን ደብረ ማርቆስ፣ የራክ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ራም ሲጨምር መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ጊጋ?» ብሎ ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን «ስንት ፍሬ (የራም ካርድ)፣ የትኛው ስሎት (መሰኪያ) ላይ?» ነው። ሁለት ሰርቨሮች እኩል ጊጋ ኖሯቸው፣ በአሰካክ ልዩነት ብቻ የአንዱ የሜሞሪ ባንድዊድዝ (በሴኮንድ የሚያስተላልፈው የዳታ መጠን) የሌላውን ግማሽ ሊሆን ይችላል።

ምክንያቱ ቻናል ነው። ፕሮሰሰሩ ከራሙ ጋር የሚገናኘው ጎን ለጎን በተዘረጉ ቻናሎች ነው። በቆጋ መስኖ የሚያለማ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፦ ግድቡ የቱንም ያህል ቢሞላ፣ ከስድስት ቦይ ሦስቱ ብቻ ከተከፈቱ ማሳው ቶሎ አይጠጣም። ጊጋው ግድቡ ነው፤ ቻናሉ ቦዩ ነው።

የቻናሉ ቁጥር እንደ ፕሮሰሰሩ ትውልድ ይለያያል። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች ዜኦን ኢ5 2600 ቪ3 እና ቪ4 በአንድ ፕሮሰሰር 4 ቻናል አላቸው። አንደኛውና ሁለተኛው ትውልድ ዜኦን ስኬለብል 6፣ ሦስተኛውና አራተኛው ደግሞ 8 አላቸው። የኤኤምዲዎቹ ኤፒክ 7002 እና 7003 8፣ ኤፒክ 9004 12 ናቸው። ከዚህ በታች ምሳሌ የምናደርገው ባለ6 ቻናሎቹን ዴል አር740 እና ኤችፒኢ ዲኤል380 ጄን10 ነው። ሁለቱም 24 ስሎት አላቸው፤ ለአንድ ፕሮሰሰር 12፣ ለአንድ ቻናል 2 ማለት ነው።

192 ጊጋ ያስፈልጋል እንበል። ባለ32 ጊጋ 6 ፍሬ መግዛት ይቻላል፤ ባለ16 ጊጋ 12 ፍሬም ያው ነው። በ2666 ፍጥነት (በሴኮንድ 2666 ሚሊዮን ዝውውር) አንድ ቻናል በሴኮንድ 21.3 ጊጋባይት ገደማ ያስተላልፋል (2666ን በ8 ባይት ማባዛት ነው)። 6 ፍሬ ለሁለት ሲካፈል ለአንድ ፕሮሰሰር 3 ቻናል፣ ማለትም በሴኮንድ 64 ጊጋባይት ይደርሰዋል። 12 ፍሬ ሲሆን ግን ስድስቱም ቻናል ይሠራና 128 ይሆናል። ይህ የወረቀት ጣሪያ ነው፤ በሥራ ላይ ከዚያ ያነሰ ይወጣል፤ ልዩነቱ ግን አይጠፋም። «ወደፊት ለማሳደግ ቦታ ልተው» ብሎ ትልልቁን ፍሬ የሚመርጥም አለ። ባለ16ቱን 12 ፍሬ የሰካ ሰው ነገ ተመሳሳዩን 12 ፍሬ በባዶዎቹ ስሎቶች ጨምሮ 384 ይደርሳል፤ ስለዚህ ለማሳደግ ሲባል የዛሬውን ፍጥነት መሠዋት አያስፈልግም። ፋይል ብቻ የሚያስቀምጥ ሰርቨር ልዩነቱን ብዙ ላያየው ይችላል። ዳታቤዝ፣ ብዙ ቨርቹዋል ማሽን ወይም የምርምር ስሌት የሚሠራበት ግን በደንብ ያየዋል።

256 ጊጋ ከተፈለገ ባለ32 ጊጋ 8 ፍሬ፣ ለየፕሮሰሰሩ 4 ይሰካል። ከባንድዊድዙ ሁለት ሦስተኛው ይገኛል፤ መጥፎ አይደለም። 5 ፍሬ ለአንድ ፕሮሰሰር ግን አትስኩ፤ ሚዛኑ ስለሚዛባ ሰርቨሩ ሜሞሪውን እኩል አከፋፍሎ መጠቀም ያቅተዋል። ከሁሉ የከፋው ሁሉንም ራም በአንዱ ፕሮሰሰር ሥር መደርደር ነው። ሁለተኛው ፕሮሰሰር እያንዳንዱን ዳታ በጎረቤቱ በኩል እያስመጣ ይሠራል።

ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን ነባር ፍሬ አውጥታችሁ ጽሑፉን አንብቡ፤ ፎቶም አንሱት። እቃው ከአዲስ አበባ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ የሚመጣ ከሆነ፣ የተሳሳተ ዓይነት ማለት ሌላ ሳምንት መጠበቅ ነው። መታየት ያለበት መጀመሪያ ከሁለቱ የሰርቨር ራም ዓይነቶች አርዲም ወይስ ኤልአርዲም መሆኑ ነው፤ ሁለቱን ከቀላቀላችሁ ሰርቨሩ አይነሣም። የዴስክቶፕ ዩዲም ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። ቀጥሎ ጊጋው፣ ራንኩ (የቺፖቹ ምድብ፤ 2አርኤክስ4 ወይም 1አርኤክስ8 ተብሎ የተጻፈው) እና ፍጥነቱ ይታያል። የተለያየ ፍጥነት ከተቀላቀለ ሁሉም በዝግተኛው ይሄዳል። ፕሮሰሰሩም ገደብ አለው፦ ዜኦን ሲልቨር 4210 ከ2400 በላይ ስለማይሄድ፣ ለእርሱ ባለ2933 ራም በውድ መግዛት ትርፍ የለውም። ጎልድ 6230 ከሆነ 2933ን ይጠቀምበታል።

ወደ ሥራው ስትገቡ ባክአፕ ያዙ፤ ሰርቨሩን በሥርዓቱ አጥፉ፤ ሁለቱንም የኃይል ገመድ ንቀሉ፤ ከዚያ የቀረው ኃይል እንዲወጣ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሴኮንድ ተጫኑ። የበጋው ደረቅ አየር የስታቲክ ኤሌክትሪክ ስለሚያበዛ የእጅ አንጓ ማሰሪያ አድርጉ። ክዳኑንና የአየር መምሪያ ፕላስቲኩን አንሡ። አቧራ ካለ በአየር መንፊያ አጽዱት፤ በአፍ አትንፉ፣ እርጥበት ያስገባል።

በአር740 መጀመሪያ የሚሞሉት ነጭ መቆለፊያ ያላቸው ስሎቶች ናቸው፦ ለአንደኛው ፕሮሰሰር ከኤ1 እስከ ኤ6፣ ለሁለተኛው ከቢ1 እስከ ቢ6። ለየፕሮሰሰሩ 4 ፍሬ ብቻ ከሆነ 1፣ 2፣ 4 እና 5 ላይ ይሰካሉ። በዲኤል380 ጄን10 ስድስቱ ነጭ ስሎቶች 1፣ 3፣ 5፣ 8፣ 10 እና 12 ናቸው። በሌላ ሞዴል በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ የተለጠፈውን ሥዕል ተከተሉ፤ በግምት አትሥሩ። ሁለት ዓይነት ጊጋ ካለ ትልቁ በነጩ፣ ትንሹ በጥቁሩ ይሆናል፤ በአንዱ ፕሮሰሰር የተደረገው በሌላውም እንዳለ ይደገማል። የፍሬውን ቁርጥ ከስሎቱ ጥርስ ጋር አስተካክላችሁ፣ መቆለፊያዎቹ በሁለቱም ጫፍ «ቋ» ብለው እስኪዘጉ በሁለት አውራ ጣት እኩል ተጫኑ።

ባዶ ስሎት ላይ የነበረውን የፕላስቲክ መሙያ አትጣሉ፤ የአየር መምሪያውንም ሳትመልሱ አታብሩ። ይህ በእኛ አገር ከፍታ የበለጠ ይመለከተናል። ብዙዎቹ ሰርቨሮች የተፈቀደላቸው የ35 ዲግሪ የመግቢያ አየር፣ ከ900 ሜትር ገደማ በላይ በየ300 ሜትሩ በ1 ዲግሪ ይቀንሳል፤ አየሩ ሲሳሳ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ስለሚወርድ ነው። በ1800 ሜትር ባሕር ዳር ገደቡ 32 ዲግሪ አካባቢ፣ በ2400 ሜትር ደብረ ማርቆስ 30 አካባቢ ይሆናል። 24ቱም ስሎት ሲሞላ የሚወጣው ሙቀት ቀላል አይደለም።

ስታበሩ ሰርቨሩ አዲሱን ራም እስኪለማመድ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጨለማ ሊሆን ይችላል። ተበላሸ ብላችሁ አታጥፉት፤ ጠብቁ። ከዚያ ባዮስ (የሰርቨሩ መነሻ ቅንብር) ግቡ። የሜሞሪ አሠራሩ «ኦፕቲማይዘር» ላይ ይሁን፤ «ሚረር» ከሆነ ከጊጋው ግማሹ ለቅጂ ይሄዳል። «ኖድ ኢንተርሊቪንግ» ይጥፋ፤ ከበራ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የትኛው ራም ለየትኛው ፕሮሰሰር እንደሚቀርብ ማየት አይችልም። የሲስተም ፕሮፋይሉን «ፐርፎርማንስ» አድርጉ፤ ኃይል ስለሚጨምር ግን አስቀድማችሁ ዩፒኤሱ መሸከሙን አረጋግጡ።

በሊነክስ ዲኤምአይዲኮድ (dmidecode) የተባለው ትእዛዝ እያንዳንዱ ፍሬ በስንት ፍጥነት እየሠራ እንደሆነ ያሳያል። ኑማሲቲኤል (numactl) ደግሞ ሁለት ኖድ (አንድ ፕሮሰሰር ከራሱ ራም ጋር)፣ ለምሳሌ 96 እና 96 ጊጋ አካባቢ ማሳየት አለበት። አንዱ 128 ሌላው 64 ካለ አሰካኩ ተሳስቷል። ቨርቹዋል ማሽን ስትፈጥሩም ከተቻለ ሜሞሪው ከአንድ ኖድ አይብለጥ፤ 120 ጊጋ የተሰጠው ማሽን በ96 ጊጋ ኖድ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ይዘገያል።

ጠቅላላው ጊጋ ከጠበቃችሁት ካነሰ ብዙውን ጊዜ በደንብ ያልገባ ፍሬ ነው፤ አውጥታችሁ እንደገና ስኩት። በሎጉ ላይ የኢሲሲ (የሜሞሪ ስህተት መለያና ማረሚያ) ስህተት ከአንድ ስሎት በተደጋጋሚ ከመጣ፣ ያንን ፍሬ ከሌላ ስሎት ፍሬ ጋር አቀያይሩት። ስህተቱ ፍሬውን ተከትሎ ከሄደ ራሙ ይቀየር። እዚያው ስሎት ላይ ከቀረ ግን አዲስ ራም አትግዙ፤ ችግሩ ያለው በቦርዱ፣ በፕሮሰሰሩ ወይም በሶኬቱ ፒኖች ላይ ሊሆን ይችላል።