ባለጉዳይዋ ማን ናት? የጥቃት ተጎጂዎችን ጉዳይ የሚይዙ ጀማሪ ጠበቆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጎንደር የጥብቅና ፈቃድ አውጥተው የወሲብ ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መያዝ የሚጀምሩ ወጣት የሕግ ባለሙያዎች በየጊዜው ወደ ቢሮዬ ብቅ ይላሉ። አንቀጾቹን ከእኔ ይልቅ ያስታውሳሉ፤ ስህተታቸው ግን ከዓመት ዓመት አይለወጥም፣ የአብዛኛውም ምንጭ ባለጉዳያቸው ማን እንደሆነች መዘንጋታቸው ነው።

የመጀመሪያው «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» ማለት ነው። ልጅቷ ነገሩን ለእናቷ፣ ለፖሊስ፣ ለሐኪምና ለዐቃቤ ሕግ ተናግራ ነው እናንተ ዘንድ የደረሰችው። መዝገቡን አስቀድማችሁ አንብቡ፣ የጎደለውን ብቻ ጠይቁ፣ ስትጠይቁም አባትና አጎት ከክፍሉ ይውጡ። በየቦታው የተጻፈ አዲስ ቃል ሁሉ ነገ በመስቀለኛ ጥያቄ ጊዜ የተከሳሽ ጠበቃ እየጠቀሰ የሚያጋጫት መሆኑንም አትርሱ።

ሁለተኛው፣ ትዕግሥቴን ያስጨረሰኝ ስህተት፣ ጠበቃው ራሱ ሽማግሌ ሆኖ መቀመጡ ነው። ሽምግልናን አልንቅም፤ ደም ለማድረቅና የድንበር ጠብ ለማብረድ ሽማግሌ ባይኖር ኖሮ አገራችን ምን ይውጣት እንደነበር አላውቅም። በተደፈረች ልጅ ጉዳይ ግን የሚታረቁት ሁለት አባቶች ሲሆኑ ልጅቷ የምትቆጠረው እንደ ተሰበረ ዕቃ ነው። አስገድዶ መድፈር በግል አቤቱታ ብቻ ከሚያስቀጡ ወንጀሎች ወገን ስላልሆነ የአባት «ትቻለሁ» ማለት ክሱን አያቋርጠውም። ዕርቁ የሚያቋርጠው ምስክሮችን ነው። በ1949 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደፋሪው ተጎጂዋን ሲያገባ ከቅጣት የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ትቶ ነበር፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ዘግቶታል፤ በብዙ ሽማግሌዎች ልብ ግን ቀዳዳው እስከ ዛሬ ክፍት ነው።

እኔም አድርጌዋለሁ። ጥብቅና በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ከአዘዞ ወዲያ ካለ መንደር የመጣ አባት የ15 ዓመት ልጁን ጉዳይ ሰጠኝ። ምስክር ለመስማት ሦስት ሳምንት ሲቀር «ሽማግሌዎቹ ጠበቃውም ይገኝ ብለዋል» ብሎ ጠራኝና ሄድኩ። ጋቢ የለበሱ አምስት ሰዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ የተከሳሹ አጎትም ከመካከላቸው ነበሩ። «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ነገር አታክርር፣ ወረቀቱን አሳምረህ ጻፍልን» አሉኝ፤ ጻፍኩ። ማስታጠቢያ ይዛ እየተዘዋወረች እጃችንን የምታስታጥበን ራሷ ልጅቷ ነበረች። አጎትየው ዘንድ ስትደርስ ውኃው ከሳህኑ ውጪ ፈሰሰ፤ እናቷም «ቀስ በይ» አለቻት። በቀጠሮው ቀን ሁለቱ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች «አላየንም» አሉ፤ ተከሳሹም መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ተሰናበተ። አባትየው በተቀበለው ገንዘብ በሬ ገዛበት።

ከሕክምና በፊት ማስረጃ ማሳደድም ሌላ ስህተት ነው። ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመርና ለ28 ቀናት መወሰድ አለበት፤ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም እስከ 120 ሰዓት ድረስ ብቻ ይሠራል። ልብሷ ሳይታጠብ በወረቀት ይጠቅለል እንጂ በፌስታል አይታሰር። እርግዝና ከተፈጠረም «ፍርዱን ጠብቂ» የሚል ጠበቃ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 552 መሠረት እርግዝናው ከመደፈር መምጣቱን ለማስረዳት የእሷ ቃል ብቻ በቂ መሆኑን አላነበበም ማለት ነው።

የድንግልና ምርመራን እንደ ዋና ማስረጃ ይዞ መሟገትም ይቅር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም ምርመራው ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው ገልጾ እንዲቀር ጠይቋል። «ተገረሰሰች» ብላችሁ ከተከራከራችሁ ተከሳሹ «ቀድሞም አልነበራትም» የሚል መልስ ያገኛል፤ ክርክሩም ከእሱ ድርጊት ወደ እሷ ሰውነት ይዞራል።

ዕድሜን በግምት መተው ዋጋ ያስከፍላል። ከ13 ዓመት በታች በሆነች ልጅ ላይ ለተፈጸመ በደል አንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ሲደነግግ፣ ከ13 እስከ 18 ለሆነችው ደግሞ አንቀጽ 626 ከ3 እስከ 15 ዓመት ይላል። የልደት ምስክር ወረቀት ከሌለ የክርስትና ካርድ፣ የክትባት ካርድና የትምህርት ቤት መዝገብ ፈልጋችሁ ለዐቃቤ ሕጉ አድርሱ። ተጎጂው ወንድ ልጅ ሲሆን ሴትን አስገድዶ ስለ መድፈር የሚናገረውን አንቀጽ 620ን የምታገላብጡም አላችሁ፤ በተመሳሳይ ፆታ ሕፃናት ላይ ስለሚፈጸም ጥቃት የሚናገረውን 631ን ክፈቱ።

ካሣን እስከ ፍርዱ ማግስት ማቆየት የተለመደ ስንፍና ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154 የካሣ ጥያቄን ከወንጀሉ ክስ ጋር ለማቅረብ ይፈቅዳል። በፍትሐ ብሔር ለብቻው ለሚቀርበው ክስ መደበኛው ይርጋ (ክሱ መቅረብ ያለበት የጊዜ ገደብ) 2 ዓመት ነው፤ የወንጀሉ ይርጋ ረዘም ሲል የሚቆጠረው እሱ ቢሆንም፣ በዚያ ተማምኖ የተኛ ጠበቃ ማስረጃው ሲበተን ይነቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሕሊና ጉዳት ካሣን በ1,000 ብር ይገድባል። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ግን በ2008 ዓ.ም፣ በ13 ዓመቷ ተጠልፋ ለተደፈረች ኢትዮጵያዊት ልጅ አገራችን 150,000 የአሜሪካ ዶላር እንድትከፍል ወስኗል። በሕጉ የ1,000 ብር ጣሪያ ሥር እየሠራችሁ «የሞራል ካሣ» ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ ልጅቷን ባዶ እጇን ትሰዳላችሁ። የሕክምናውን፣ የባጃጁን፣ የተቋረጠውን ትምህርትና እናት ሥራ የቀረችበትን ቀን ከነደረሰኙ ዘርዝሩ፤ ደረሰኝ የሌለውን እናት በደብተር ትጻፍ።

ዝግ ችሎት አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ስሟ በኮሪደር ከተጠራ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

በመጨረሻም፣ ልጅቷ ችሎቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በምስክርነቷ ዕለት አትየው። ከተፈቀደልኝ በዋዜማው ክፍሉ ባዶ ሲሆን አስገብቼ ዳኞቹና ተከሳሹ የት እንደሚሆኑ አሳያታለሁ። አንዲት የ11 ዓመት ልጅ የምስክር መቆሚያው ዘንድ ቆማ እንጨቱ አገጯ ላይ ሲደርስ «ዳኛው ያዩኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። በማግስቱ ከቤቴ ዱካ ይዤ ሄድኩ።