ሲሞቅ የሚጠፋው ሆንዳ ኤስ 90፦ ችግሩ ኮንደንሰሩ ነበር

በፈረንጆች 1964 መመረት የጀመረችው ይቺ ሞተር ስትቀዘቅዝ በአንድ ርግጫ ትነሳለች። ስትሞቅ ግን ቀጥ ትላለች። ካንዴላው ደህና ነው፤ ቤንዚኑም ሳይቆራረጥ ይወርዳል። አመሻሽ ላይ የፑንቲናውን (ለካንዴላው እሳት ኤሌክትሪኩን እየገጠመ የሚቆርጠውን ክፍል) ክዳን ከፍቼ ሳስነሳት መልሱ በዓይን ታየ። ፑንቲናው መካከል ደማቅ ሰማያዊ ብልጭታ ይዘላል። ጤነኛ ኮንደንሰር (ከፑንቲናው ጋር የተያያዘ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ) ያንን ብልጭታ ያፍነዋል። ሲሞቅ የሚደክመው ደግሞ ቀዝቅዞ ሲለካ ደህና ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚያደክመው ይሄ ነው። አዲስ ገጠምኩ። የተቃጠለውን የፑንቲና ፊት በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሽቼ በቤንዚን ጠረግኩት። ክፍተቱን 0.35 ሚሊሜትር አደረግኩት፤ ከ0.3 እስከ 0.4 ይፈቀዳል። የለካሁበት ስስ ብረት ጊታር ስሠራ የአንገቱን ጉብጠት የማይበት ነው። ሞተርም ጊታርም ለሚወድ ሰው በጣም ይጠቅማል። አሁን የእንጦጦን ዳገት ሳትጠፋ ትወጣለች።