ኮምፒውተር ሲበራ የማይሠራ የኬብል ኔትወርክን ችግር ለይቶ ለማስተካከል

በአዳማ ከተማ በብዙ ትንንሽ ቢሮዎች፣ በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ጠዋት ሥራ ሲጀመር ተመሳሳይ ችግር ያጋጥማል፤ ኮምፒውተሩ ይበራል፣ ኔትወርኩ ግን አይሠራም። ኬብሉ ተነቅሎ ሲሰካ፣ ወይም ኮምፒውተሩ ሪስታርት ሲደረግ፣ ቀኑን ሙሉ ያለ እንከን ይሠራል። ይህ ጠባዩ ራሱ ትልቅ መረጃ ነው። ኬብሉ ቢበጠስ ወይም የኔትወርክ ካርዱ (ኬብሉ የሚሰካበት የኮምፒውተሩ ክፍል) ቢቃጠል ኖሮ ከሰዓትም ባልሠራ ነበር፤ ስለዚህ ጥፋቱ በአብዛኛው ያለው ኮምፒውተሩ በሚነሳባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ካርድ ከመግዛት ወይም ኮምፒውተሩን ፎርማት ከማስደረግ በፊት ቀጥሎ ያለውን ቅደም ተከተል በትዕግሥት መከተል ይጠቅማል፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ አለበለዚያ ችግሩን የፈታው የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይቻልም።

በመጀመሪያ መብራቱን ይመልከቱ

ኮምፒውተሩ ተነስቶ ካበቃ በኋላ ኬብሉ ሳይነካ ከጀርባው፣ ኬብሉ በሚሰካበት ቀዳዳ አጠገብ ያሉትን ትንንሽ መብራቶች ይመልከቱ። መብራት ከሌለ ኮምፒውተሩና ስዊቹ (አንዱን መስመር ለብዙ ኮምፒውተሮች የሚያከፋፍለው ሳጥን) ወይም ሞደሙ (ኢንተርኔቱን ከመስመሩ የሚቀበለው መሣሪያ) ገና አልተገናኙም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ጤነኛነቱ በተረጋገጠ ሌላ ኬብል ይሞክሩ፤ ካልሆነ በስዊቹ ላይ ሌላ ቀዳዳ ይሞክሩ። በኬብሉ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ለማስተላለፍ አራቱ ብቻ ይበቃሉ፣ ለ1 ጊጋቢት ግን ስምንቱም ያስፈልጋሉ። ስለዚህ አንዱ ሽቦ ጫፉ ላይ በደንብ ያልተያዘ ኬብል አንዳንዴ እየሠራ አንዳንዴ ሊያስቸግር ይችላል። መያዣ ምላሱ የተሰበረ ኬብልም በንዝረት ብቻ ይላቀቃል። አዳማ ነፋሻማና አቧራ የሚበዛባት ከተማ ስለሆነች፣ ኤሌክትሪኩን ካጠፉ በኋላ ቀዳዳዎቹን በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት ተገቢ ነው።

መብራቱ ካለና ኢንተርኔት ከሌለ፣ አድራሻውን ያንብቡ

በዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት» ከዚያም «ኢተርኔት» የሚለውን ሲከፍቱ የኮምፒውተሩ አይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ላይ የሚለይበት ቁጥር) ይታያል። አድራሻው በ169.254 የሚጀምር ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ከሞደሙ አድራሻ ጠይቆ መልስ ስላጣ ለራሱ ጊዜያዊ አድራሻ ሰጥቷል ማለት ነው። በእንዲህ ዓይነቱ አድራሻ ኢንተርኔት አይገኝም።

ኤሌክትሪክ ሄዶ ሲመጣ ይህ በተለይ ይደጋገማል። ሞደሙ፣ ስዊቹና ኮምፒውተሩ በአንድ ዲቫይደር ላይ ከተሰኩ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ይነሳሉ፤ ፈጣን ዲስክ ያለው ኮምፒውተር በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ዝግጁ ሲሆን፣ ሞደሙ ግን ተነስቶ አድራሻ ማደል እስኪጀምር ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። አንዳንድ ትልልቅ ቢሮዎች የሚጠቀሙባቸው ስዊቾችም አዲስ የተሰካን መሣሪያ ለ30 ሰከንድ ያህል መርምረው ነው መስመሩን የሚከፍቱለት። ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ ሞደሙንና ስዊቹን ቀድመው ያብሩ፣ ሦስት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን ያብሩ። በዚህ መንገድ ከሠራ ምክንያቱ ተገኝቷል። ዘላቂው መፍትሔ ሞደሙንና ስዊቹን በትንሽ ዩፒኤስ (ኤሌክትሪክ ሲጠፋ በባትሪው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ላይ ማድረግ ነው፤ ሁለቱም የሚወስዱት ኃይል ጥቂት ስለሆነ ለዚህ ትልቅ ዩፒኤስ አያስፈልግም። ለጊዜው ደግሞ ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሳት ግድ አይደለም፤ በኮንትሮል ፓነል የኔትወርክ ካርዱን «ዲሴብል» ከዚያም «ኢነብል» ማድረግ አድራሻውን እንደገና ያስጠይቀዋል።

በእጅ የተሞላ ቋሚ አድራሻ ያለባቸው ቢሮዎች ሌላም ነገር ይፈትሹ። ሁለት ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት አድራሻ ከተሰጣቸው፣ ቀድሞ የበራው ይሠራል፣ ዘግይቶ የበራው ግን ይቸገራል፤ ዛሬ አንዱ ነገ ሌላው ሲያስቸግር ይህንን ይጠርጥሩ።

ፋስት ስታርትአፕን አጥፍተው ይሞክሩ

በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ምክንያት ይህ ነው። ዊንዶውስ ከ8ኛው ስሪት (2012 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ የሥርዓቱን ዋና ክፍል ከነድራይቨሮቹ (የኮምፒውተሩን ክፍሎች ከሚያሠሩት ፕሮግራሞች) ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ በሚቀጥለው ቀን ያንኑ መልሶ ይጭናል። ይህ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባለው አሠራር ኮምፒውተሩ ቶሎ እንዲነሳ ያደርጋል፤ ነገር ግን የኔትወርክ ካርዱ ድራይቨር ከዚህ ጋር በደንብ ካልተስማማ ካርዱ በትክክል ሳይነሳ ይቀራል። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከመጀመሪያው ስለሚያስነሳ ችግሩ ይጠፋል፤ «ስዘጋውና ስከፍተው እንቢ ይላል፣ ሪስታርት ሳደርገው ይሠራል» የሚለው አቤቱታ መነሻው ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። ማታ ሲዘጉ የሺፍት ቁልፍን ተጭነው ይዘው «ሻት ዳውን» የሚለውን ይጫኑ፤ ኮምፒውተሩ በዚያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ጠዋት ኔትወርኩ ወዲያውኑ ከሠራ፣ በኮንትሮል ፓነል «ፓወር ኦፕሽንስ» ውስጥ የማብሪያ ቁልፎችን ተግባር የሚወስነውን ገጽ ይክፈቱ፣ የተቆለፉትን ምርጫዎች የሚከፍተውን መስመር ይጫኑ፣ ከዚያም ከ«ፋስት ስታርትአፕ» ፊት ያለውን ምልክት አንስተው ያስቀምጡ። ይህን ለመለወጥ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ያስፈልጋል።

የካርዱ ኃይል ቁጠባና ድራይቨሩ

በ«ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ የኔትወርክ ካርዱን «ፕሮፐርቲስ» ከፍተው «ፓወር ማኔጅመንት» በሚለው ገጽ፣ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ካርዱን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ያንሱ። ካልበቃ ድራይቨሩን ከኮምፒውተሩ ወይም ከማዘርቦርዱ አምራች ድረ ገጽ ብቻ አውርደው ይጫኑ። ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት ከሌለው ስልክዎን በዩኤስቢ አገናኝተው በስልኩ ዳታ ማውረድ ይችላሉ። ድራይቨር ፈልገን እንጭናለን የሚሉ ፕሮግራሞች ያልተፈለገ ነገር አብረው ስለሚጭኑ አልመክራቸውም።

ኔትወርክ የሚመስል የሰዓት ችግር

ማታ ማታ ዲቫይደሩ በሚጠፋባቸው ሱቆች አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባለው የ3 ቮልት ባትሪ ካለቀች፣ ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ቁጥር የኮምፒውተሩ ቀን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ ኔትወርኩ ቢሠራም ብራውዘሩ የድረ ገጾቹን የደኅንነት ማረጋገጫ ስለማይቀበል አብዛኞቹን ከመክፈት ይልቅ ማስጠንቀቂያ ያሳያል። ቀኑን ማስተካከል ለዕለቱ ይበቃል፤ ባትሪዋን መቀየር ግን ችግሩን ያስወግዳል።

ለባለሙያ ሲያስረክቡ

ይህ ሁሉ ካልረዳ መብራቱ መኖር አለመኖሩን፣ የታየውን አድራሻ፣ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ሲነሳ ምን እንደሆነ እና ችግሩ በአንድ ኮምፒውተር ወይም በሁሉም ላይ መታየቱን በወረቀት ጽፈው ለቴክኒሻኑ ይስጡ። አንዱ ብቻ ከሆነ ሥራው የቴክኒሻኑ ነው። በሞደሙ ዋይፋይ የተገናኙ ስልኮችን ጨምሮ ሁሉም በአንድ ጊዜ ኢንተርኔት ካጡ ግን የሚፈተሸው ሞደሙና ወደ ቤት የሚገባው መስመር ነው፤ መስመሩ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ በ994 ደውለው ያስመዝግቡ።