ምክር ቤቱ እጅ ከማውጣቱ በፊት፦ በትንሽ ከተማ ውሳኔዎች ላይ ነዋሪዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

በትንሽ ከተማ የምክር ቤት ስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ ከሰው ይልቅ ባዶ ወንበር ይበዛል። አዳራሹ የሚሞላው ነገሩ የሰው አጥር ሲነካ ነው። ከቤትዎ ጎን ፎቅ ሊቆም ነው ይባላል። ወይም ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ ለሌላ ሥራ ሊሰጥ ነው ይባላል። ያን ቀን ሁሉም ይመጣል፣ ሁሉም ይናገራል፣ አባላቱም ሰምተው ሲያበቁ እጃቸውን አውጥተው ያጸድቁታል። ነዋሪው "ድሮም ጨርሰውታል" እያለ ይወጣል።

አልተሳሳተም፤ ጉዳዩ ቀድሞ ያለቀ ነው። ግን ያለቀው አብዛኛውን ጊዜ በድብቅ አይደለም። በር በተከፈተበት፣ ማስታወቂያ በተለጠፈበት ስብሰባ ነው ያለቀው፤ እኛ ግን አልነበርንም። ይህን የምጽፈው መምጣት የሚገባቸው ሰዎች ጊዜው ሲያልፍ ስለሚመጡ ነው፤ ያ ደግሞ ያሳዝነኛል።

የመጨረሻውን ስብሰባ መጠበቅ

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል። አንድ የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ከመድረሱ በፊት ረጅም መንገድ ሄዷል። ማመልከቻ ገብቷል፣ ባለሙያ መርምሮታል፣ ኮሚቴ አይቶታል፣ የውሳኔ ሐሳብ ተጽፎበታል። አባላቱ አዳራሽ የሚገቡት ያንን ወረቀት ይዘው ነው። በሦስት ደቂቃ ንግግር እሱን መገልበጥ ከባድ ነው።

በካናዳ ብዙ ከተሞች አንድ ደንብ ከመጽደቁ በፊት ሦስት ጊዜ "ንባብ" ያልፋል፤ ማለትም ሦስት ጊዜ ምክር ቤቱ ፊት ይቀርባል። በሦስተኛው ላይ መጥቶ የሚጮህ ሰው ብዙ አያተርፍም። ረቂቁ ገና ለስላሳ ሳለ ለባለሙያው አንድ ገጽ ደብዳቤ የጻፈው ይበልጠዋል።

ከዚህም ቀድሞ የሚመጣ ቀን አለ። እሱም የከተማው ዋና ፕላን የሚከለስበት ነው። የት መኖሪያ፣ የት ንግድ፣ የት ፋብሪካ እንደሚሆን ለብዙ ዓመታት የሚወስነው ያ ሰነድ ነው። ለውይይቱ የሚመጣው ሰው ግን በጣት ይቆጠራል። ፕላኑ ላይ "ንግድ" ተብሎ ቀለም የተቀባ ቦታ ላይ ሱቅ ሲሠራ መቃወም፣ ከዓመታት በፊት ከተወሰነ ነገር ጋር መታገል ነው።

ማስታወቂያውን አለማንበብ

ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣው የክፍት ስብሰባ ሕግ፣ የመደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ቢያንስ 72 ሰዓት ቀደም ብሎ እንዲለጠፍ ያዛል። በእንግሊዝ ለትንንሾቹ የደብር ምክር ቤቶች (የቤተ ክርስቲያን ሳይሆኑ ዝቅተኛው የአካባቢ አስተዳደር እርከን ናቸው) ቢያንስ ሦስት ሙሉ ቀን ነው፤ ማስታወቂያው የወጣበትና ስብሰባው የሚካሄድበት ቀን አይቆጠሩም። ጊዜው አጭር ነው። ስለዚህ ወሬ እስኪደርስዎ አይጠብቁ። የምክር ቤቱ ጸሐፊ ቢሮ ሄደው አጀንዳ መቼና የት እንደሚለጠፍ ይጠይቁ፣ ከዚያ በየጊዜው ይመልከቱ። አጀንዳ ላይ የሚጻፈው ቋንቋ ደረቅ ነው። "ቁጥሩ ይህ በሆነ ይዞታ ላይ የአጠቃቀም ለውጥ" ይላል። ያ ቁጥር በየቀኑ የሚያልፉበት ሜዳ ሊሆን ይችላል።

ሰውየውን አይቶ ቦታውን መርሳት

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። በትንሽ ከተማ ሁሉም ይተዋወቃል፤ መተዋወቁም ዓይን ይጋርዳል።

አንድ ሁሉም የሚወደው ጎረቤት አለ እንበል። መኖሪያ ቤቱን ወደ ንግድ ቦታ ለማስቀየር ያመለክታል። የሚፈልገው ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት ነው። ማን ይቃወማል? ሁሉም ያጨበጭባል፣ ይጸድቃል። ከሁለት ዓመት በኋላ ቤቱን ይሸጣል። የገዛው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሙዚቃ የሚከፍት መጠጥ ቤት ይከፍትበታል። ሰፈሩ ተንጫጭቶ ሲመጣ መልሱ አጭር ነው፤ ቦታው ንግድ እንዲሠራበት ተፈቅዷል።

የመሬት አጠቃቀም ለውጥ የሚጣበቀው ከመሬቱ ጋር ነው። ባለቤቱ ይሄዳል፣ ፈቃዱ ይቀራል። ስለዚህ "ምን ሊሠራበት ነው?" የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። "ይህ ቦታ ከተቀየረ በኋላ ምን ምን ሊሠራበት ይችላል?" ብለው ዝርዝሩን ይጠይቁ። ዝርዝሩ የሚያስፈራ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። ብዙ ቦታ ሙሉ ለውጥ ሳይደረግ ለአንድ ለተወሰነ ሥራ ብቻ፣ ከነሰዓት ገደቡ ልዩ ፈቃድ መስጠት ይቻላል። ጎረቤቱ ስፌት ቤቱን ያገኛል፣ ሰፈሩም እንቅልፉን አያጣም።

ግድግዳ ላይ የሚታየው ሥዕልም እንደዚሁ ነው። ዛፍ፣ አግዳሚ ወንበር፣ የሚስቁ ልጆች ይታዩበታል። ዛፎቹ በውሳኔው ላይ እንደ ግዴታ ካልተጻፉ ማንም እንዲተክላቸው አይገደድም።

ተቃራኒውም ስህተት ነው። አመልካቹን ስለማንወደው ብቻ መልካም ሐሳብ መጣል ከተማዋን ይጎዳል።

ምክር ቤቱ ሊመዝነው የማይችለውን ምክንያት ማቅረብ

ንዴት እውነተኛ ነው፣ ግን ሁልጊዜ ሚዛን ላይ አይወጣም። በእንግሊዝ የግንባታ ፈቃድ ሲታይ "ከመስኮቴ የማየውን ይከልልብኛል" ወይም "የቤቴ ዋጋ ይወርዳል" የሚል ተቃውሞ በራሱ አይቆጠርም። ብርሃን መከልከል፣ ወደ ሰው ጓሮ አሻግሮ ማየት፣ የትራፊክ መጨናነቅ፣ ጫጫታ፣ የጎርፍ መውረጃ ግን ይቆጠራሉ። አንድ ዓይነት ጭንቀት ሆኖ አንዱ መዝገብ ውስጥ ይገባል፣ ሌላው አይገባም። የእርስዎ ከተማ ምን እንደሚመዝን ከመጻፍዎ በፊት ይጠይቁ።

ፊርማ ማሰባሰብ ጥሩ ነው፤ ሰው መኖሩን ያሳያል። ግን ሁለት መቶ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቢፈርም አንድ ሐሳብ ነው። በሥራ ሰዓት መንገድ ዳር ቆሞ ስንት መኪና እንደሚያልፍ የቆጠረ አንድ ሰው፣ ቁጥሩን ከደንቡ አንቀጽ ጋር አያይዞ ቢያቀርብ የበለጠ ይሰማል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ምን ቢስተካከል እንደሚስማሙ ይጻፉ። "አይሆንም" ብቻ የሚል ሰው ከተሸነፈ ባዶ እጁን ይመለሳል።

"ምንም አይለወጥ" የሚለውን ሁሌም ጥበቃ አድርጎ ማየት

በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ከክሊቭላንድ ከተማ አጠገብ፣ ዩክሊድ የምትባል ቦታ አለች። እ.ኤ.አ. በ1922፣ ገና የመንደር አስተዳደር ሳለች፣ መሬቷን በአጠቃቀም የሚከፋፍል ደንብ አወጣች። እዚያ 68 ኤከር (27 ሄክታር ተኩል ገደማ) መሬት የያዘ ድርጅት ከሰሳት። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1926 ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ ለመንደሯ ፈረደ። "ትንሽ ነን፣ የእኛ ደንብ ምን ያመጣል" የሚል ካለ ይህን ያስታውስ፤ የመላ አገሪቱ ዞኒንግ፣ ማለትም መሬትን በአጠቃቀም የመከፋፈል አሠራር፣ በሕግ የቆመው በዚያች መንደር ደንብ ላይ በተሰጠው ፍርድ ነው።

ያው ፍርድ ግን ሌላ ገጽ አለው። የአፓርታማ ሕንፃ የግል ቤቶች ባሉበት ሰፈር ላይ እንደ ተውሳክ እንደሚጠጋ አድርጎ ጽፏል። በኋላ በብዙ ከተሞች ሰፊው መሬት ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ብቻ ተብሎ ተከለለ። ቤት የመግዛት አቅም የሌለው ሰው ከነዚያ ሰፈሮች ውጭ ቀረ። የአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2018 ያጸደቀችው ፕላን በእንደዚህ ዓይነት ቦታ እስከ ሦስት መኖሪያ እንዲሠራ መንገድ ከፈተ።

ስለዚህ ከመቃወምዎ በፊት አዳራሹን ይቃኙ። ተከራይ አለ? ገና ቤት ያልያዘ ወጣት አለ? ነገ እዚህ ሊኖር የሚፈልግ ሰው ዛሬ ድምፅ የለውም። እሱን የሚያስብለት ካልተገኘ ውሳኔው የሚሆነው ቤት ላለው ብቻ ነው።

የማይለካ ደንብ እንዲወጣ መጠየቅ

"ከመጠን ያለፈ ድምፅ ክልክል ነው።" መጠኑ ስንት ነው? ማን ይለካል? በስንት ሰዓት? ድምፅ በዴሲቤል ሲለካ 10 ዴሲቤል መጨመር የድምፁን ኃይል አሥር እጥፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ቁጥሩ በዘፈቀደ የሚጻፍ አይደለም። ልኬት፣ ሰዓትና የሚያስፈጽም ሰው የሌለው ደንብ ወይ ይረሳል፣ ወይ ጎረቤት በጠላው ሰው ላይ ብቻ ይወድቃል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል።

ዝምድናን በሹክሹክታ መተው

ትንሽ ከተማ ላይ የአመልካቹ አጎት የምክር ቤት አባል ቢሆን አይገርምም። ጥፋቱ ዝምድናው ሳይሆን መደበቁ ነው። አባሉ ውይይቱ ከመጀመሩ በፊት ዝምድናውን ተናግሮ ከአዳራሹ መውጣት፣ ይህም በቃለ ጉባኤ መያዝ አለበት። ጥያቄውን በአክብሮት፣ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ያንሱት። ከዚያ በኋላ ቢነሳ ሐሜት ይመስላል።

ድምፅ ሲሰጥ አለቀ ብሎ ወደ ቤት መሄድ

የይግባኝ ጊዜ በፍጥነት ያልፋል። በእንግሊዝ የግንባታ ፈቃድን ሕጋዊነት በፍርድ ቤት ለመሞገት ያለው ጊዜ ስድስት ሳምንት ብቻ ነው። የእርስዎ ከተማ ስንት ቀን እንደሚሰጥ በዚያው ምሽት ይጠይቁ። ቃለ ጉባኤው ሲወጣ ደግሞ አንድ ቅጂ ይውሰዱና አዳራሹ ውስጥ በአፍ የተገባውን ቃል ሁሉ ከወረቀቱ ጋር ያስተያዩ። አጥሩ፣ የመዝጊያ ሰዓቱ፣ የውሃ መውረጃው። የጎደለ ካለ፣ ቃለ ጉባኤው በቀጣዩ ስብሰባ ከመጽደቁ በፊት ለጸሐፊው በጽሑፍ ያስታውቁ።