የድሮ ሁቨር (አቧራ መሳቢያ ማሽን) ሲመረመር የሚደጋገሙ ስህተቶች

ከሁሉ የከፋው ማሽኑ እጅ እንደገባ ስፒናውን መሰካት ነው። እባካችሁ፣ ተዉት! ለረጅም ዓመታት ተቀምጦ የኖረ ማሽን የሽቦው ጎማ ደርቆ ይፈረፈራል። አካሉ ብረት ነው፤ ገመዱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ባለሁለት ሽቦ ስለሆነ የመሬት መስመር የለውም። የተላጠው ሽቦ አካሉን ከነካ፣ ማሽኑን የነካው ሰው ኤሌክትሪክ ይይዘዋል።

መጀመሪያ ገመዱን ወደ ማሽኑ በሚገባበት ቦታ አጠፍ አድርጋችሁ እዩት። ከተሰነጠቀ ይቀየራል። ሞተሩን በእጅ አዙሩት፤ ከከበደ ወይም ካንቋረረ የኩሽኔታው ቅባት ደርቋል። ከዚያ ማብሪያውን ከፍታችሁ በስፒናው እግሮችና በአካሉ መካከል በ500 ቮልት ሜገር (የሽቦ ሽፋን መለኪያ) ለኩ። ከ1 ሜጋኦም በታች ካሳየ አይሰካም። ተራ ቴስተር በትንሽ ቮልት ስለሚለካ የደከመውን ሽፋን ደህና ነው ብሎ ያሳልፈዋል። ካለፈ በኋላም የመጀመሪያው ሙከራ ከባለ 100 ዋት ክር አምፖል ጋር በተከታታይ ተያይዞ ይሁን፤ ሞተሩ ሳይዞር አምፖሉ ሙሉ ከበራ ውስጡ ሾርት ሊኖር ወይም ሞተሩ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል።

ከአሜሪካ የመጣውን ያለ ትራንስፎርመር በእኛ 220 ቮልት መሰካት ሞተሩን ማቃጠል ነው።

ያብረቀረቀውን ሁሉ እንደ ኦሪጅናል መቁጠርም በጣም የተለመደ ነው። ብሎኖቹን እዩ። በ1926 የወጣው ሁቨር 700 ላይ ባለ መስቀል ራስ ብሎን ካለ በኋላ የገባ ነው፤ ያ ዓይነት ብሎን ፋብሪካዎች ውስጥ የገባው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። የ700 ዋና አዲስ ነገር ምንጣፉን የሚመቱት የብረት ዘንጎች ናቸው፤ ከሥር ያለው ፀጉር ብሩሽ ብቻ ከሆነ ተቀይሯል። ቁጥር ያለበት ሰሌዳ ሪቬቱ አዲስ ከሆነ ወይም ዙሪያው ከተቧጠጠ ከሌላ ማሽን የመጣ ሊሆን ይችላል።

ሄንሪ ድሬይፈስ የነደፈውን የ1936ቱን ሁቨር 150 በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ደግሞ አደጋ ነው። አካሉ ማግኒዥየም ነው፤ ብናኙ በብልጭታ ይቀጣጠላል፣ ውሃ ሲፈስበትም ይብሳል። ማግኒዥየሙ ሲበላ የሚወጣውን ነጭ ዱቄት በለስላሳ ጨርቅ አንሱት፣ የቀረውን ተዉት። የባክላይት (የድሮ ጠንካራ ፕላስቲክ) ክዳኑን በብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ፈትሹ፤ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

አቧራ የሚጠራቀምበትን የጨርቅ ከረጢት አትጠቡ፤ የታተመበት ጽሑፍ ይለቃል። በማያያዣው ሥር ያለው ጨርቅ ከውጪው ይልቅ ደመቅ ካለ፣ ከረጢቱ በዚያው ቦታ ለብዙ ዘመን መኖሩን ያሳያል።