መልክን ከመስፈርት ማውጣት፦ አስተናጋጅ፣ ካሸርና ሪሴፕሽን ለሚቀጥሩ

«ተፈላጊ አስተናጋጅ። ጾታ ሴት። ዕድሜ 18–25። መልከ መልካምና ቁመናዋ ያማረ። ደመወዝ በስምምነት። ፎቶ በቴሌግራም ይላክ።» ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ አራት ኪሎ በየካፌው በር ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ከዚህ ብዙም አይርቅም። የጻፈው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አስቦ ሳይሆን የጎረቤቱን ገልብጦ ነው። ከዚህ በታች ያቺ ወረቀት ተነሥታ በምትኳ ምን እንደሚለጠፍና ፈተናው እንዴት እንደሚካሄድ ተጽፏል። መጨረሻው ላይ ለአመልካቾችም ጥቂት ነገር አለ።

አድልዎ ነው ወይስ የባለቤቱ ምርጫ?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መልክን በስሙ አይጠራም። አንቀጽ 14 አሠሪ በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በአካል ጉዳት እያለ እንዳያበላልጥ ይከለክላል፤ ዝርዝሩን ግን እዚያ ላይ አይዘጋውም፣ ለሌሎች ሁኔታዎችም በር ይተዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25ም ቀለምን ጠቅሶ በተመሳሳይ መንገድ ክፍት ያደርገዋል። በፈረንሳይ ሕግ የሰውነት ገጽታ ከተከለከሉት ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ተጽፏል። የዋሽንግተን ከተማም በ1977 (እ.ኤ.አ.) ሕጓ እንዲሁ አድርጋለች። እኛ ጋ ስሙ አልተጻፈም።

ስሙ አለመጻፉ ግን ቀጣሪውን ነጻ አያወጣውም። ምክንያቱም «መልከ መልካም» ብቻውን አይመጣም። ደላላው በስልክ «ቀይ፣ ረዘም ያለች ትሁን» ሲባል ቀለም ገባ። «ሴት ብቻ» ሲባል ጾታ ገባ። «ፊቷ ላይ ምንም የሌለባት» ሲባል ለምጽ ያለባት፣ የቃጠሎ ጠባሳ ያለባት ተገፋች፤ ያ ደግሞ ወደ አካል ጉዳት ሊሻገር ይችላል። ቃሉ ሲፈታ ከውስጡ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ሕጉ በስሙ የሚያውቀው ነገር ነው።

ገንዘቡም ቀላል አይደለም። ሃመርሜሽና ቢድል የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ1994 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካና በካናዳ መረጃ ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ መልካቸው ዝቅ ተደርጎ የተገመተ ሰዎች መካከለኛ ከተባሉት ከ5 እስከ 10 በመቶ ያነሰ ደመወዝ እንደሚያገኙ አሳይተዋል። ወንዶችም ጭምር።

መጀመሪያ ቃሉን ይፍቱት

አንድ ነጭ ወረቀት ያውጡና ሠራተኛው ከበር መክፈቻ እስከ ሒሳብ መዝጊያ የሚሠራውን በሙሉ ይጻፉ። ስለ ሰውየው ምንም አይጻፉ፤ ስለ ሥራው ብቻ። 20 ጠረጴዛ ላለው ካፌ ዝርዝሩ ከ10 እስከ 12 መስመር ይሆናል፦ ትእዛዝ መያዝ፣ ትሪ መሸከም፣ ሒሳብ መሥራት፣ መልስ መመለስ፣ የተቆጣ ደንበኛ ማብረድ፣ ጠረጴዛ መጥረግ።

ከዚያ «መልከ መልካም» ሲሉ በልብዎ የነበረው የትኛው እንደሆነ ራስዎን ይጠይቁ። «ንጹሕ» ከሆነ ንጹሕ ብለው ይጻፉ፤ ንጽሕና በደንብ ልብስና በቁጥጥር የሚመጣ ነገር ነው። «ደንበኛ የሚቀበል» ከሆነ እሱ ይፈተናል። «ረዥም» ከሆነ ለምን? ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ ለማውረድ ከሆነ የመደርደሪያውን ከፍታ ይለኩና አመልካቹ ያወርድ እንደሆነ ያሳይዎት፤ አለዚያ 1 በርጩማ ይግዙ። ተፈቶ ተፈቶ ከሥራው ዝርዝር ጋር የማይገናኝ ነገር ከቀረ እሱ የባለቤቱ የዓይን አምሮት ነው። መስፈርት አይደለም።

«ደንበኛ ቆንጆ ይፈልጋል» የሚለው መከራከሪያ አዲስ አይደለም። አንድ የአሜሪካ አየር መንገድ ማስታወቂያዬ በፍቅርና በውበት ላይ የተመሠረተ ነው በሚል የበረራ አስተናጋጅነቱን ለሴቶች ብቻ አድርጎ ነበር። በ1981 (እ.ኤ.አ.) የቴክሳስ ፌዴራል ፍርድ ቤት የድርጅቱ ዋና ሥራ መንገደኛን ማጓጓዝ ነው፣ የደንበኛ ምርጫ ወንዶችን ለመከልከል ምክንያት አይሆንም ብሎ ፈረደበት። የእርስዎ ካፌ ዋና ሥራም ማኪያቶው ነው። መልክ ራሱ ሥራ የሚሆንበት ቦታ አለ፦ የልብስ ሞዴል፣ ፊልም፣ የማስታወቂያ ቀረጻ። ሪሴፕሽን ከእነዚህ ጋር አይቆጠርም።

ማስታወቂያውን እንደገና ይጻፉ

«የሥራ መደብ፦ አስተናጋጅ። ብዛት፦ 4። ጾታ፦ አይለይም። የሥራ ሰዓት፦ በፈረቃ፣ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት ያልበለጠ። ሥራው አብዛኛውን ሰዓት ቆሞ የሚሠራ ነው። የደንብ ልብስ 2 ሙሉ በድርጅቱ ይሰጣል። ምርጫው በተግባር ፈተናና በቃለ መጠይቅ ነው። ፎቶ አያስፈልግም።»

ከሥሩ ደመወዙን በቁጥር ይጻፉ። «ደመወዝ በስምምነት» ማለት ዓይን የወደደው ብዙ፣ ያልወደደው ጥቂት የሚከፈለው ማለት ነው፤ መልክ ከበሩ ቢባረር በዚህ መስኮት ይገባል። «ጾታ አይለይም» ማለትም ሴቶችን መጉዳት አይደለም። አዋጁ በአንቀጽ 87 ሴትና ወንድ ተወዳድረው እኩል ውጤት ካመጡ ቅድሚያውን ለሴቷ ይሰጣል። መጀመሪያ ግን ይወዳደሩ።

ማጣሪያው የሚበላሽበት ቦታ

ብዙ ቀጣሪ ቃለ መጠይቁን አሳምሮ አዘጋጅቶ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። አመልካቾች ባለቤቱ ፊት ከመድረሳቸው በፊት ሦስት ሰው ያጣራቸዋል። ደላላው «እንትን ካፌ ቆንጆ ነው የሚወስደው» ብሎ ገና ከመነሻው ያስቀራቸዋል። ጥበቃው በር ላይ ሲቪ ሲቀበል ለአንዷ «ግቢ» ይላታል፣ ለሌላዋ «ሰው ተይዟል»። ካሸሯ ደግሞ የሲቪውን ክምር ስታስተካክል ወደ ላይ የምታወጣው አለ። የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል፤ በር ላይ የተመለሰች ልጅ ለምን ብላ ተመልሳ አትጠይቅም። ባለቤቱም መገፋቷን አያውቅም።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ለደላላው መስፈርቱን በጽሑፍ ይላኩለት፣ ከዚያ ውጭ እንዳይጨምር ይንገሩት። ለጥበቃው 1 ደብተር ይስጡት፤ የመጣው ሁሉ ስምና ስልኩን ራሱ ይጽፋል፣ ጥበቃው ማንንም አይመልስም። በቀኑ መጨረሻ በደብተሩ ያሉት ስሞችና በእጅዎ ያሉት ሲቪዎች ቁጥር እኩል መሆን አለበት። ካልሆነ የጎደለው ሰው ይጠራ።

በቴሌግራም የሚቀበሉ ከሆነ የፕሮፋይል ፎቶ ራሱ ፎቶ መሆኑን አይርሱ። መልእክቱን የሚቀበለው ሰው ከፈታኞቹ አንዱ መሆን የለበትም። እሱ ሲቪውን አትሞ ፎቶውን በወረቀት ይሸፍናል፣ ስሙንም ቢሸፍነው ይመረጣል (ስም ብሔርና ሃይማኖት ይናገራል)፣ ከዚያ 01፣ 02፣ 03 እያለ ቁጥር ይሰጠዋል። ለሪሴፕሽን ከሆነ የመጀመሪያው ዙር በስልክ ይሁን፦ 7 ደቂቃ፣ አልጋ ለመያዝ የደወለ እንግዳ መስሎ። ድምፅ፣ ትሕትና፣ የቀን ስሕተት አለመሥራት፤ ሪሴፕሽኒስት ከሚያስፈልጋት ግማሹ ስልኩ ላይ ይሰማል።

የተግባር ፈተና፣ 60 ነጥብ

ከቃለ መጠይቁ በፊት ይሁን። በኋላ ከሆነ ፈታኙ የወደዳትን ልጅ ትሪ ሲንገዳገድ «ደንግጣ ነው» ይላል፣ ያልወደዳትን «አትችልም»። ቶርንዳይክ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር በ1920 (እ.ኤ.አ.) መዝግቦታል፦ ሰው በአንድ ነገር ጥሩ የመሰለን እንደሆነ በማይገናኘው ሁሉ ከፍ አድርገን እንሞላለታለን።

4 ሠራተኞች ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡና በተለመደ ፍጥነት አንድ ጊዜ ብቻ ይዘዙ፦ 1 ማኪያቶ፣ 1 ጠቆር ያለ ማኪያቶ፣ 1 ሻይ በሎሚ፣ 1 ያልቀዘቀዘ ውሃ፣ 1 ፉል ያለ ቃሪያ፣ 1 ፈጢራ። ተፈታኟ ልትሄድ ስትዞር አንዱ «ሻዩን ተዪው፣ ቡና አድርጊልኝ» ይበላት። ባንኮኒው ላይ በትክክል ለደረሰ እያንዳንዱ ትእዛዝ 4 ነጥብ፣ ጠቅላላ 24። ከዚያ ውሃ የሞላ 4 ስኒ በትሪ ከባንኮኒ እስከ መጨረሻው ጠረጴዛ፤ ሳይፈስ ከደረሰ 12፣ በፈሰሰ ስኒ 3 ይቀነስ። ሒሳቡ 685 ብር ነው ይበሉ፣ ደንበኛው 5 ባለ 200 ብር ይሰጣል፤ 315 መልስ ቆጥራ ከመለሰች 12። በመጨረሻ «ፉሉ ውስጥ ቃሪያ አለ!» ብሎ የሚቆጣ ደንበኛ፤ ይቅርታ ከጠየቀች 4፣ ሳትከራከር ሳህኑን ካነሣች 4፣ በስንት ደቂቃ እንደሚቀየር ከነገረች 4። ወንድ ተፈታኝም ያው ፈተና፣ ያው ነጥብ ነው።

የፈተናው ትእዛዝ በየቀኑ ትንሽ ይቀያየር፤ የመጀመሪያዎቹ ወጥተው ለጓደኞቻቸው መናገራቸው አይቀርም።

ቃለ መጠይቁ 30 ነጥብ ነው፦ 5 ጥያቄ፣ ለሁሉም በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል፣ እያንዳንዱ ከ6። ፈታኞቹ 3 ይሁኑ፣ ቢያንስ አንዷ ሴት። እያንዳንዱ ነጥቡን የሚቀጥለው ተፈታኝ ሳይገባ ለየብቻ ይጻፍ፤ መነጋገር የሚቻለው ሁሉም ወረቀቱን ካስረከበ በኋላ ነው። «ባለትዳር ነሽ?» «ቦይፍሬንድ አለሽ?» የሚሉ ጥያቄዎች አይኖሩም። «እስቲ ተነሽና ዙሪ» ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። የቀሩት 10 ነጥቦች ለሥራ ልምድ ናቸው።

መልክና አለባበስ ይለያያሉ

ንጽሕናን መጠየቅ መብትዎ ነው። አጭር ጥፍር፣ የታሰረ ወይም የተሸፈነ ፀጉር፣ የተተኮሰ የደንብ ልብስ፣ ምግብ አጠገብ ኃይለኛ ሽቶ አለመቀባት፤ እነዚህ ለወንዱም ለሴቷም በጽሑፍ ይሰጡ። ሰው ጠዋት ተነሥቶ ሊለውጠው የሚችለውን ይጠይቁ፣ ሊለውጠው የማይችለውን ተዉት። የቆዳ ቀለም፣ ቁመት፣ ውፍረት፣ ማድያት፣ ብጉር፣ ጠባሳ ከሁለተኛው ወገን ናቸው።

መሐል ላይ የሚቆሙም አሉ። ከክፍለ ሀገር የመጣች ልጅ ግንባሯ ላይ የተነቀሰ መስቀል ወይም አንገቷ ላይ ያለ ንቅሳት ባህልና እምነት ነው፤ «ለቦሌ አይሆንም» ማለት ስለ ንቅሳቱ ብቻ የተነገረ አይደለም። ሒጃብም ሆነ ማተብ ከደንብ ልብሱ ጋር ይሄዳል፤ የሒጃቡን ጨርቅ በድርጅቱ ቀለም ማሰፋት ይቻላል። ሜካፕና የፀጉር ሥራ ግዴታ ካደረጉ ወጪው የእርስዎ ነው፣ ወንዶቹ ላይ ያልጣሉትን ሴቶቹ ላይ መጫንም አበላልጦ ማየት ነው።

ውጤቱን የሚያረጋግጠው የሙከራው ጊዜ ነው፤ በአዋጁ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በየሳምንቱ የተሳሳተ ትእዛዝ፣ የጎደለ ሒሳብና የቀረበ ቅሬታ ለእያንዳንዱ ይመዝገብ። የነጥብ ወረቀቶቹን ከዚህ መዝገብ ጋር አያይዘው ያስቀምጡ። «ለምን ቀረሁ?» የሚል ቢመጣ መልስዎ እሱ ነው።

ለአመልካቾች

ማስታወቂያው ሳይነሣ ወይም ሳይጠፋ ፎቶ ያንሡት፤ ቀኑና የቻናሉ ስም ይታይ። ከደላላ ጋር የተጻጻፉትን አያጥፉ። ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ሰውነትዎ ከተጠየቁ «ይቅርታ፣ ይህ ለየትኛው የሥራው ክፍል ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱን ወጥተው ወዲያው ይጻፉት። ሲቀሩ መስፈርቱንና ነጥብዎን በጽሑፍ ይጠይቁ።

አቤቱታ ሲጽፉ «መልኬን አልወደዱትም» ብለው አይጀምሩ፤ በዚያ ብቻ መርታት ከባድ ነው። ጾታ፣ ቀለም፣ ሃይማኖት ወይም አካል ጉዳት ካለበት እሱን ያስቀድሙ። በተለይ አካል ጉዳት ከሆነ አዋጅ ቁጥር 568/2000 የማስረዳቱን ሸክም ከአመልካቹ ላይ ያነሣል፤ አድልዎ አለመኖሩን ማሳየት ያለበት ቀጣሪው ነው። ሥራው በወሲብ ጥያቄ የታሰረ ከሆነ ያ የመልክ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል፤ ወሲባዊ ትንኮሳ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በዚያው አንቀጽ 14 ለብቻው ተከልክሏል። ሴቶች ነጻ የሕግ ምክር ከኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ማግኘት ይችላሉ፤ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም አቤቱታ ይቀርባል። ሲሄዱ የማስታወቂያውን ፎቶ በስልክ ብቻ ሳይሆን አሳትመው፣ 2 ቅጂ ይዘው ይሂዱ።